ብሬስን ለማፋጠን አጥንት መብሳት፦ ከመፈረማችን በፊት ልናውቀው የሚገባ



ባለፈው ሴሚስተር ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሦስቱም ጥርሳቸውን ለማስተካከል ብሬስ ሊያደርጉ ተነሥተዋል፤ ሦስቱም በሄዱበት ክሊኒክ «ትንሽ ቀዶ ሕክምና ከተጨመረበት ቶሎ ያልቃል» ተብለዋል። «እውነት ነው ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ጥናቶቹን አንብቤ በአማርኛ ላስረዳ ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አጥንቱ ሲነካ ጥርስ ለጥቂት ወራት ፈጠን ብሎ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ይህ ማለት ግን ሕክምናው በሙሉ በግማሽ ያጥራል ማለት አይደለም። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች አለ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ብዙዎቻችን ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር በአጥንት ውስጥ የተቸነከረ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ስስ ጅማት አለ። ብሬሱ ጥርሱን ሲገፋው ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች አጥንቱን ይበሉታል፤ በተወጠረው በኩል ደግሞ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «እንደ ቤት እድሳት ነዋ! አንዱ ያፈርሳል፣ አንዱ ይገነባል» አለችኝ። ከመማሪያ መጽሐፌ ይልቅ የእሷ አባባል ገባኝ።

እድሳት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጥርስ በአማካይ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ሽቦውን በኃይል ማጥበቅ አያፈጥነውም። እንዲያውም ጅማቱ ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ደም አይደርሰውም፤ በዚያ ቦታ ያሉ ሴሎች ይሞታሉ፤ ጥርሱም ባለበት ይቆማል። የጥርሱ ሥር የመሟሟትና የማጠር አደጋም ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው አጥንቱ ነው።

በአዋቂ ሰው ዘንድ የመንጋጋ እድገት አብቅቷል፤ የሴሎቹም ምላሽ ከልጆች ይልቅ ዘግየት ብሎ ይጀምራል። የአዋቂ ጥርስም ቢሆን በደንብ ይስተካከላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሥራ የያዘ፣ በየወሩ ፈቃድ እየጠየቀ ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው «ቢያጥርልኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ቁስል ለምን ያፈጥናል?

አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሃሮልድ ፍሮስት በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ነገር አብራርቷል። አጥንት ሲሰበር ወይም ሲቆረጥ ሰውነት ለጥገና የሚላከው ኃይል በቁስሉ ብቻ አይወሰንም፤ በዙሪያው ያለው አጥንትም ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ይፈርሳል፣ ይገነባል። ለጊዜውም የማዕድን ይዘቱ ስለሚቀንስ ይለሰልሳል። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ለብሬስ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው፦ አጥንቱ በለሰለሰበት ጊዜ ጥርሱን መግፋት።

ዋናው ቃል «ለጊዜው» የሚለው ነው። ፍጥነቱ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ወራት ይጎላል፤ ወደ አራት ወር ገደማ ሲደርስ አጥንቱ ጠግኖ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሩ ይከፈታል፣ ከዚያም ይዘጋል።

ከትልቁ ቀዶ ሕክምና ወደ ትንሹ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሃይንሪሽ ኮሌ በ1959 ድዱን ገልጦ በጥርሶች መካከል ያለውን አጥንት በመቁረጥ ጥርስን ማፋጠን እንደሚቻል ጽፎ ነበር። እሱ አጥንቱ ከነጥርሱ እንደ ጡብ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስለው ነበር። በ2001 ቶማስና ዊልያም ዊልኮ የተባሉ ወንድማማቾች በሲቲ ስካን አይተው፣ የሚሆነው የጡብ ነገር ሳይሆን አጥንቱ ማዕድኑን ለጊዜው ማጣቱና መልሶ ማግኘቱ ነው አሉ። ዘዴያቸው ግን ድዱን በሰፊው መግለጥ ይጠይቅ ነበር፤ ሕመሙም እብጠቱም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጉዳቱን መቀነስ የሚያስችል መንገድ ተፈለገ። ዛሬ በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ፒዬዞሲዥን ነው። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰርዥ ዲባርና ባልደረቦቹ በ2009 ያስተዋወቁት ነው። ድዱ በማደንዘዣ ይደነዝዝና በጥርሶቹ መካከል ትንንሽ ቀጥ ያሉ ቁርጦች ይደረጋሉ። ከዚያ በጣም በፈጠነ ንዝረት የሚሠራ መሣሪያ በቁርጡ ገብቶ አጥንቱን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ይሰነጥቀዋል። ይህ ንዝረት ጠንካራውን አጥንት ሲቆርጥ ለስላሳውን ሥጋ ብዙም አይጎዳም።

ሁለተኛው ማይክሮ ኦስቲዮፐርፎሬሽን ይባላል። እዚህ ድድ አይቆረጥም፤ በቀጭን መሣሪያ በድዱ አልፎ አጥንቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መብሳት ነው። ቀላሉ እሱ ነው፤ በክሊኒኮች ማስታወቂያ ላይም ቶሎ የተስፋፋው ለዚህ ነው።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

በ2013 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በ20 አዋቂዎች ላይ ቀዳዳ የተበሳበት ወገን ክራንቻ ጥርስ በ28 ቀን ውስጥ ከሌላው 2.3 እጥፍ ያህል እንደፈጠነ ዘገበ። ማስታወቂያዎች በብዛት የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተለካው አንድ ጥርስ፣ ለአንድ ወር ነው። በ2018 ከዮርዳኖስ የወጣ ሌላ ጥናት ያንኑ ዘዴ በአዋቂዎች ላይ ለሦስት ወር ተከታትሎ ልዩነት አላገኘም።

በፒዬዞሲዥን በኩል በ2016 በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ 24 አዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጠቅላላው የሕክምና ጊዜ በ43 በመቶ አጥሯል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ታካሚዎቹ ግን የጥርስ መደራረባቸው ቀላል የሆነ ሰዎች ነበሩ፤ ከፊሎቹም ድዳቸው ላይ ጠባሳ ቀርቶባቸዋል። በ2017 ከአሜሪካ የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ የታች የፊት ጥርሶችን በማስተካከል ረገድ ልዩነት አላየም።

ጥናቶችን አጣርቶ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም በ2015 ጉዳዩን ሲገመግም መስፈርቱን ያሟሉለት 4 ጥናቶች ብቻ ነበሩ፤ የተሳታፊዎቹም ብዛት በድምሩ 57። ማስረጃው ጥቂትና ደካማ ነው ሲል ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ጥናቶቹ በዝተዋል፤ ውጤታቸው ግን ከላይ እንዳያችሁት እርስ በርሱ አይስማማም።

በእኛ ቤት የሆነው

ታላቅ እኅቴ 31 ዓመቷ ነው። ሠርጓ ስምንት ወር ሲቀረው አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ በብሬሱ ዋጋ ላይ ሌላ ክፍያ ጨምራ አጥንቷን ብታስበሳ «ለሠርግሽ ይደርሳል» አሏት። ጥርሷን ስትቦርሽ ግን ድዷ ይደማ ነበር፤ ስለሱ የጠየቃት የለም። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄድ መጀመሪያ ድዷ መታከም እንዳለበት ተነገራት። የታመመ ድድ ባለበት ጥርስን መግፋት ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሊያሳጣ ይችላልና። ድዷን አከመች፤ ከዚያ ያለ ቀዶ ሕክምና ብሬሷን ጀመረች። ሠርጓንም ከነብሬሷ ደገሰች፤ በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች።

በነርስ ዓይን፦ በፊትና በኋላ

ከሂደቱ በፊት ለሐኪሙ ሳይጠየቁም መናገር የሚገባ ነገር አለ፦ የስኳር ሕመም፣ እርግዝና፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ እንዲሁም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ እንደ አሌንድሮኔት ያሉ መድኃኒቶች። የመጨረሻዎቹ የአጥንቱን እድሳት ራሱን ስለሚያግዱ በተለይ አስፈላጊ ናቸው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ድዱ ከመነካቱ በፊት አንቲባዮቲክ ስለሚያስፈልገው የግድ ይናገር።

አገር ቤት ለተወለዳችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ክራንቻ ሊወጣ ባለበት ቦታ ድዱን ሰንጥቆ የጥርሱን ፍሬ የማውጣት ልማድ በአንዳንድ አካባቢዎች ነበር፣ አለም። ይህ የተደረገለት ሰው ቋሚ ክራንቻው ሊጎድል ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ውጭ አገር ያለ ኦርቶዶንቲስት ልማዱን ላያውቅ ይችላልና ቤተሰብ ጠይቃችሁ ንገሩት። አጥንት መብሳት የጎደለ ጥርስ አይመልስም።

ከሂደቱ በኋላ ለሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፓራሲታሞል፣ አሜሪካ ታይሌኖል የምንለው ነው። እንደ አድቪል ያሉ አይቡፕሮፌን መድኃኒቶች እብጠትና መቆጣትን ይቀንሳሉ፤ እዚህ ግን አጥንቱን የሚያለሰልሰው ያ መቆጣት ራሱ ስለሆነ ጥቅሙን ያጠፉታል ተብሎ ይሰጋል። ለጥቂት ቀናት አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ ይሻላል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ቁስሉን ያቃጥላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ብሬሱ እስኪወልቅ ድረስ ይቅርባችሁ። በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ የታዘዘውን የአፍ ማጠቢያ መጠቀም አይቋረጥ።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም በጋዝ ተጭነውት የማይቆም ደም ካለ ክሊኒኩ ዛሬውኑ ይደወልለት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. የሚስተካከለው ምንድን ነው? ለአንዳንድ ኦርቶዶንቲስት ፍንጭት የሚዘጋ ክፍተት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ውበት ነው። እንዲዘጋ የማትፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ።

2. የሚያጥረው የትኛው የሕክምናው ክፍል ነው? በስንት ወር? «በግማሽ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም።

3. በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በየስንት ጊዜው ታዩኛላችሁ? በሩ ክፍት ሳለ ሽቦው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ካልታየ የተከፈለው ገንዘብም የታገሠው ሕመምም በከንቱ ይቀራል።

4. ማን ነው የሚሠራው? የጥርሶቹ ሥር እንዳይነካ በየትኛው ራጅ ታይቶ ነው የሚበሳው?

5. ድዴ ተመርምሯል? ስስቅ ድዴ የሚታይ ከሆነ ጠባሳውስ?

6. ባላደርገውስ? የሚጨመረው ጊዜ ስንት ነው? ሐኪሙ «ጥቂት ወር» ካለ፣ ያ ጥቂት ወር ለእናንተ ስንት ያወጣል?

በየትኛውም መንገድ ብትጨርሱ ሪቴይነር ማድረግ አይቀርም። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ በፍጥነት የተስተካከለውም በዝግታ የተስተካከለውም እኩል ይጠበቃል።

ክሊኒክ የሰጣችሁን የሕክምና ዕቅድ አብረን እንድናነበው የምትፈልጉ በማኅበሩ የጥናት ሰዓት ይዛችሁት ኑ። ውሳኔው የእናንተና የሐኪማችሁ ነው፤ ቃላቱን በአማርኛ ለመፍታት ግን እኔ አለሁ።