የኮቪድ ክትባት ከፋብሪካ እስከ ጤና ጣቢያ
(ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የሚሆን ትምህርት)

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው የመጀመሪያው የኮቪድ ክትባት ጭነት፣ በንግድ ዓይን ሲታይ ብዙ ስፍራ የሚይዝ ዕቃ አልነበረም። መጠኑ 2,184,000 ዶዝ ሲሆን፣ አንዱ ብልቃጥ አሥር ዶዝ ስለሚይዝ በብልቃጥ ቢቈጠር 218,400 ነው። ሠሪው በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት፣ የክትባቱ ስም አስትራዜኔካ፣ አቅራቢው ኮቫክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ ድርጅት፣ ተረካቢው የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ነበር። ከዚህ ጭነት መድረስ ስድስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሽታው በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከታየበት ዕለት ልክ አንድ ዓመት ሲሞላ፣ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ መሰጠት ተጀመረ። ቅድሚያው የተሰጠው ለጤና ሠራተኞች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ይህ ክትባት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት እንዲቈይ የተመከረ ነው። ስለዚህ የመጣው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ሊጠብቅ የሚችለው 1,092,000 ሰዎችን ብቻ ነበር፤ የአገሪቱ ሕዝብ ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። እዚህ ላይ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ጥያቄ ይነሣል። በመጋዘን ያለውን ዕቃ በሙሉ አሁን ማውጣት ይሻላል ወይስ ግማሹን ለሁለተኛው ዙር ማስቀመጥ? በሙሉ ቢወጣ ብዙ ሰው ቶሎ ይደርሰዋል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጭነት በቀኑ ካልገባ የመጀመሪያውን የወሰደ ሰው በመካከል ይቀራል። ግማሹ ቢቀመጥ ደግሞ በሽታው በሚጋልብበት ወራት መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ብዙ አገሮች የሚቀጥለውን ጭነት አምነው ያላቸውን ለመጀመሪያው ዙር አወጡ። በዚያን ጊዜ ይህን ማመን ስሕተት ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጭነት ግን በቀኑ አልመጣም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አጋማሽ በሕንድ አገር በሽታው በኃይል ስለ ተነሣ፣ በዚያ የተሠራው ክትባት በቅድሚያ ለአገሩ ሕዝብ እንዲውል ሆነና ወደ ውጭ መላኩ ቆመ። መጋቢት 16 ቀን ኮቫክስ እንዳስታወቀው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይደርሳል ተብሎ የታሰበው 90 ሚሊዮን ዶዝ ዘገየ። ሴረም ኢንስቲትዩት ለኮቫክስ መላኩን እንደገና የጀመረው ከስምንት ወር በኋላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ይህን ያደረገችው ሕንድ ብቻ እንዳልሆነች መታወቅ አለበት። ኢጣልያ ከዚያ ቀደም ብላ በየካቲት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ አውስትራልያ ሊሄድ የተዘጋጀ ከ250,000 ዶዝ በላይ የአስትራዜኔካ ክትባት እንዳይወጣ ከልክላለች። ገዥው ውል ነበረው፤ ነገር ግን መንግሥት በሩን በዘጋ ጊዜ ውሉ ዕቃውን ሊያስወጣው አልቻለም። የአገራችን ነጋዴዎች ይህን ነገር ከራሳቸው ሕግ ያውቁታል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1793 ውሉን መፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላን፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ፣ ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች መካከል ቈጥሮታል። ሕጉ ሻጩን ከኪሣራ ካሣ ያድነዋል እንጂ ለገዥው ዕቃ አያስገኝለትም።

በሕንድ አገር በሽታውን እንዲህ ያበረታው ምን ነበር? ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ ከዋነኞቹ አንዱ ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ልውጥ ዝርያ ነው። ቫይረስ በሰው አካል ውስጥ የሚኖረው ራሱን እየገለበጠ ነው። ቍም ጸሐፊ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚስት፣ ቫይረሱም በሚገለበጥበት ጊዜ ስሕተት ይገባበታል። አብዛኛው ስሕተት ለቫይረሱ የማይጠቅም ወይም የሚጐዳ ስለሆነ ወዲያው ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው በፍጥነት እንዲተላለፍ ወይም ሰውነት ቀድሞ ያወቀውን መልክ እንዲለውጥ ያደርገዋል። የታመመ ሰው በበዛ ቍጥር ግልባጩ ይበዛል፤ ግልባጩ በበዛ ቍጥር አዲስ ዝርያ የሚነሣበት ዕድል ይጨምራል። አልፋ በእንግሊዝ፣ ቤታ በደቡብ አፍሪካ፣ ጋማ በብራዚል፣ ዴልታ በሕንድ መጀመሪያ ተለይተው ታወቁ። አገሮች በበሽታ ስም እንዳይጠሩ ሲባልም የዓለም የጤና ድርጅት በግንቦት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የግሪክ ፊደላትን ስም ሰጣቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የዴልታና የሁለተኛው ጭነት መገናኘት ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበ ሰው በዴልታ ታሞ ምልክት እንዳይታይበት የነበረው መከላከያ 33 በመቶ ያህል ነበር፤ አስትራዜኔካን ሁለት ጊዜ በወሰደ ሰው ግን መከላከያው ወደ 60 በመቶ ከፍ ይላል። እንግዲህ ዴልታ በአንድ በኩል የፋብሪካውን በር አዘጋ፤ በሌላው በኩል በዚያ በር ሊወጣ የነበረውን ሁለተኛ ዶዝ ይበልጥ አስፈላጊ አደረገው። ከአንድ ቤት ብቻ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አቅራቢው ቤት በእሳት ሲያያዝ የሚደርስበት ነገር ይህን ይመስላል።

በመደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ ሳይበላሽ ከገበያ ሊወጣ እንደሚችል የደቡብ አፍሪካ ነገር ያስረዳል። ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚያው ከሴረም ኢንስቲትዩት አንድ ሚሊዮን ዶዝ በጆሃንስበርግ ደረሰ። በስድስተኛው ቀን፣ ጥር 30፣ መንግሥቱ ክትባቱ እንዳይሰጥ አቆመው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የተደረገው ጥናት ቤታ የተባለው ዝርያ ከሚያመጣው ቀላልና መካከለኛ ሕመም እምብዛም እንደማይከላከል አሳየ። ዕቃው ጤነኛ ነበር፤ የተለወጠው ቫይረሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ክትባቱን በአፍሪካ ኅብረት በኩል ለሌሎች አገሮች ሸጠችና በየካቲት 10 ቀን በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት የጤና ሠራተኞቿን መከተብ ጀመረች። አንድ ሳምንት ቈጥሮ ውሳኔውን መቀልበስ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዕቃውንም በመጋዘን አስቀምጦ ከማሳለፍ ለሚፈልገው ማስተላለፉ የሚመሰገን ነው።

የጊዜ ገደብ ነገር በማላዊ ታየ። መጋቢት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. 102,000 ዶዝ ደረሳት፤ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን ግን ሚያዝያ 5 ነበር። በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ ከዋና ከተማ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ማዳረስ ስላልተቻለ፣ የቀረው 19,610 ዶዝ በግንቦት ወር በሕዝብ ፊት ተቃጠለ። ማቃጠሉ ሕዝቡ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ይሰጠኛል ብሎ እንዳይጠራጠር ታስቦ የተደረገ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የተቀበለ አስመጪ፣ ስጦታም ቢሆን፣ የተጻፈውን ቀን ከዋጋው እኩል ሊያነበው ይገባል።

በአገር ውስጥ ያለው ጉዞም የራሱ ጣጣ አለው። አስትራዜኔካ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ይህም ለሕፃናት ክትባት ቀድሞ የተዘረጋውን የማቀዝቀዣ መስመር ለመጠቀም አስችሏል። ፋይዘር ግን ለረጅም ጊዜ እንዲቈይ ከዜሮ በታች እስከ 70 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ በየወረዳው የሚገኝ አይደለም። ብልቃጡም አንድ ጊዜ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብልቃጡን ለሁለት ሰው ብትከፍት ስምንቱ ዶዝ ሊፈስ ነው፤ አሥር ሰው እስኪሞላ ብትጠብቅ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡት ሳይከተቡ ሊመለሱ ነው። ቅርጫ የሚያርዱ ሰዎች ማኅበርተኛው ሳይሟላ በሬውን የማይጥሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዘመቻው ፍጥነት በመጣው ዕቃ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎች በቀጠሮ ቀን ተሰብስበው በመምጣታቸው ይወሰን ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንጩ በዛ። ከቻይና የሲኖፋርም፣ ከዩናይትድ ስቴትስ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ገባ፤ የኋለኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ የሁለተኛውን ጭነት ጭንቀት አስቀረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁሉ የሚሆን ዘመቻ በኢትዮጵያ ተከፈተ። በዚያው ወር የደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ ለዓለም አስታወቁ፤ ብዙ አገሮችም ፈጥነው በደቡባዊው አፍሪካ ላይ የአውሮፕላን መንገድ ዘጉ። ያየውን በቅንነት የተናገረ ነጋዴ ሱቁ ሲዘጋበት፣ ጎረቤቱ ሌላ ጊዜ ለመናገር ማመንታቱ አይቀርም። የዓለም የጤና ድርጅት አጣዳፊው የጤና አደጋ ማለፉን ያስታወቀው በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቫይረሱ ግን እስካሁንም መለዋወጡን አልተወም።

ፋብሪካውን ወደ አፍሪካ ለማምጣት የተደረገው ሙከራ ለላኪዎች ልዩ ትምህርት አለው። በደቡብ አፍሪካ አስፐን የተባለው ኩባንያ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ክትባት በብልቃጥ ይሞላ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግን ከዚያ ከተሞላው ክትባት የተወሰነው ወደ አውሮፓ ይጫን እንደ ነበር ታውቆ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ክትባቱን በራሱ ስም ለአፍሪካ ለመሸጥ ፈቃድ አገኘ፤ በዚያን ጊዜ ግን ዓለም በክትባት ተጥለቅልቆ ስለ ነበር አንድም ትእዛዝ አልመጣለትም። ይህን ጉድለት ለመሙላት፣ ጋቪ የተባለው የክትባት ማኅበር በሰኔ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ እስከ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አቆመ። ገንዘቡ ለሕንፃ ወይም ለማሽን መግዣ በቅድሚያ የሚሰጥ አይደለም፤ የሚከፈለው አፍሪካዊው ፋብሪካ የሠራው ክትባት የዓለም የጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ ሲያገኝና በጨረታ አሸንፎ ዕቃውን ሲያስረክብ ነው።