የታገደ መንጃ ፈቃድ ለማስመለስ፦ ለኩሌና ለኢታንግ አሽከርካሪዎች

ሞተርና ባጃጅ በጋምቤላ ክልል በኩሌ የስደተኞች መጠለያና በኢታንግ ለሚኖሩ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ናቸው። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሰው ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል። አንዳንዱ ታዲያ ትራፊክ ፖሊስ በማይቆምበት መንገድ ሾልኮ መሥራቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ መተው ያለበት ይህንኑ ነው። ሌላው ሁሉ በአቤቱታና በክፍያ ይስተካከላል፤ በታገደ ፈቃድ እየነዱ ሰው መግጨት ግን ዕድሜ ልክ የማያልቅ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። ምክንያቱን ከታች አብራራለሁ።

ፈቃዱን የማስመለሱ ሥራ የሚጀምረው የእገዳውን ምክንያት በጽሑፍ ከማግኘት ነው። «ተይዟል» የሚለው የአፍ ቃል አይበቃም። ፈቃዱ ያልተከፈለ ቅጣት ስላለ ነው የተያዘው? በተደራረበ ጥፋት ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ነው? ወይስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ? እያንዳንዱ የሚፈታው በተለያየ ደጃፍ ነው። ቅጣት ከሆነ ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ። በተደራረበ ጥፋት ከሆነ ፈቃዱን ወደሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሂዱና ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ፣ የተሃድሶ ሥልጠና ታዞ እንደሆነም ይጠይቁ። የፍርድ ቤት ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ያውጡ። «ታገደ» እና «ተሰረዘ» የሚሉትንም ለይተው ይጠይቁ፤ የተሰረዘ ፈቃድ ቀን በመቁጠር ብቻ አይመለስም። አሁን የሚሠራበት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 557/2016 ስለሆነ፣ በቀድሞው 208/2003 የለመዱትን የቅጣት መጠን አስበው አይሂዱ።

ስደተኛ የሆኑ አሽከርካሪዎች «ፈቃድ ለእናንተ አይሰጥም» ሲባሉ ዝም ብለው መመለስ የለባቸውም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መንጃ ፈቃድ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። የስደተኛ መታወቂያዎን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሰው ከሌላው ሰነድ ጋር ይያዙ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ አማርኛ መጻፍ የሚከብደው ሰው አቤቱታውን የሚያዘጋጅለት ሰው አስቀድሞ ይፈልግ።

አሁን ወደ መድኑ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከጋምቤላ ወጥተው በአሜሪካ ኔብራስካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ኤስ.አር. 22 ስለሚባል ወረቀት ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል። ፈቃዱ የታገደበት ሰው መድን መግባቱን የመድን ኩባንያው ራሱ ለግዛቱ መንግሥት የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት፤ መድኑ ከተቋረጠ ኩባንያው ያሳውቃል፣ ፈቃዱም እንደገና ይታገዳል። በእኛ አገር ግን መድኑ የሚከተለው ተሽከርካሪውን፣ ፈቃዱ የሚከተለው ሰውየውን ነው፤ ሁለቱን ማስተካከል የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ሞተርም ባጃጅም ያው ነው። ፈቃድዎ በታገደባቸው ወራት ተሽከርካሪው ቆሞ ስለሚከርም የመድኑ ጊዜ ሳያስቡት ያልፋል። ስለዚህ ፈቃዱ ሊመለስ ሲቃረብ የመድን ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ያመሳክሩ፤ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም፣ ማብቂያው ቀን። የአገልግሎቱን ዓይነት በተለይ ይዩት። ሰው እየጫኑ የሚሠሩበት ባጃጅ «የግል» ተብሎ ከተመዘገበ አደጋ በደረሰ ቀን ክርክር ይነሣል። ሰሌዳ የሌለው ሞተር ገዝተው ከሆነ፣ መድን ከመጠየቅዎ በፊት ምዝገባውን ይጨርሱ። ቦሎ ለማደስም መድኑ ያስፈልጋል። ሞተር ወረቀት የሚለጠፍበት የፊት መስታወት ስለሌለው የመድን ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙት፤ የጋምቤላ ዝናብ ወረቀት አይምርም። ፎቶውንም በስልክዎ ያስቀምጡ።

ፈቃድ ሳይኖር መንዳት የሚያመጣውን ዕዳ አሁን እናስላው። መድን ሰጪው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከፍተኛ ክፍያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ጉዳቱ ከመድኑ ጣሪያ ካለፈ ትርፉ ከኪስ ነው። የተሽከርካሪው ባለቤትም ቢሆን «እኔ አልነዳሁም» ብሎ አያመልጥም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ላደረሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። እርስዎ በእገዳ ላይ ሳሉ ሞተሩን ለጓደኛ ወይም ለወንድም ማሠራት የሚቻለው የእሱ ፈቃድ የጸና፣ ምድቡም ለዚያ ተሽከርካሪ የሚሆን ከሆነ ብቻ ነው። ፈቃዱን በዓይንዎ አይተው ቁልፉን ይስጡ።

ፈቃዱን ሲቀበሉ እገዳው ከመዝገቡ መነሣቱን ያረጋግጡ፤ ካርዱ በእጅዎ ሆኖ መዝገቡ ላይ እገዳው ካለ በሚቀጥለው ፍተሻ እንደገና ይያዛል። ደረሰኞቹንና ደብዳቤዎቹን አይጣሉ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ አይሽሹ። ተጎጂውን በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሱ። በመድን አዋጁ መሠረት የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የመድን ፈንድ ይከፍላል፤ ፈንዱም የከፈለውን መድን ካልገባው ባለቤት ላይ ያስመልሳል።