ድሪቶ የሚሰፋ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ድሪቶን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። ልብስ ሲያረጅ ደህና ደህናው እየተቆረጠ ይለቀማል። ቁራጩ ከቁራጩ ይገጠማል። ከዚያ በላይ በላዩ ተደርቦ ይሰፋል። ሌሊት ይለበሳል፤ መደብ ላይም ይነጠፋል።

አንዳንድ ሰው ድሪቶን የድህነት ምልክት ነው ብሎ ይንቀዋል። ይህ ሰው ከመርሳ በላይ ወዳለው ደጋ ወጥቶ በኅዳር ውርጭ አንድ ሌሊት ቢያድር ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። በሌላው ዓለምም ድሪቶ የተከበረ ሥራ ሆኗል። በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ ጊዝ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። የመንደሯ ሴቶች በባርነት ይገዙ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቤተሰባቸው እንዳይበርደው ካረጀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ ድሪቶ ይሰፉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ያ ድሪቶ ሂውስተን በተባለው ከተማ በትልቅ ሙዚየም ተሰቅሎ ታየ። ሰው ሁሉ አደነቀው።

ድሪቶ በእጅ መርፌ ሲሰፋ ብዙ ሌሊት ይፈጃል። በስፌት መኪና ግን ሥራው በጣም ይፈጥናል። ለቤት ተርፎ ለገበያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንኛውም መኪና ድሪቶ አይሰፋም። ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ገንዘባቸው ቤት ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ሁለት ፍየል የሸጡት እናት

አንዲት የሀብሩ እናት ሁለት ፍየል ሸጠው መኪና ሊገዙ ወጡ እንበል። ልብስ ሰፊ የሆነ የጎረቤት ልጅ አብሯቸው ሄደ። ሱቅ ውስጥ አንዲት ነጭ፣ የምታብረቀርቅ መኪና አዩ።

«ልጄ፣ ይቺኛዋ ታምራለች። ስንት ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«እናቴ፣ ዋጋው ይቆየን። ለመሆኑ ምን ሊሰፉባት ነው?» አላቸው ልጁ።

«ድሪቶ ነዋ!»

«እንግዲያው ድሪቶው ይናገር» አለና ከቤት ይዘውት የመጡትን የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አራት እጥፍ አድርጎ ከመርፌው ሥር አስገባው። ነጯ መኪና አቃሰተች፤ ክር በጠሰች፤ ቆመች። ጥግ ላይ ያለችው ጥቁር፣ ቀለሟ የተላላጠ የእግር መኪና ግን ያንኑ ጨርቅ ቀጥ አድርጋ ሰፋችው።

እኒህ እናት የጋቢውን ቁራጭ ባይዙ ኖሮ ሁለቱ ፍየሎች በከንቱ በሄዱ ነበር። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፦ መኪና የሚመረጠው በዓይን ሳይሆን በምንሰፋው ጨርቅ ነው።

የመኪና ዓይነቶች

የስፌት መኪና ሦስት ዓይነት ነው። የእጅ፣ የእግርና የኤሌክትሪክ። የእጅ መኪና በአንድ እጅ መዘውሩን ማዞር ስለሚጠይቅ ጨርቁን የሚይዘው አንድ እጅ ብቻ ነው። ድሪቶ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ነው፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ግን አይሠራም። ቀላሉ ዓይነት ደግሞ ወፍራም ጨርቅ አይበሳም። ስለዚህ ለገጠር ቤት የሚስማማው ከብረት የተሠራው የእግር መኪና ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ቢሰፋም ለድሪቶ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች

1. የራሳችሁን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ አንድ እጥፍ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻም አራት እጥፍ አሰፉበት።

2. መዘውሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ያለ ችግር መዞር አለበት። ከያዘ ወይም ከተንገጫገጨ ጠይቁ።

3. መኪናውን አስገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ዝገት አለ ወይ? ከመርፌው ሥር ሆኖ ጨርቁን ወደፊት የሚገፋው ጥርስስ አልቋል ወይ? ጥርሱ ካለቀ ወፍራም ጨርቅ አይሄድለትም።

4. በመኪናው ክንድ ሥር ያለውን ክፍት ቦታ በስንዝር ለኩ። ድሪቶ ሲሰፋ ግማሹ ተጠቅልሎ በዚያ በኩል ያልፋል። ቦታው ከጠበበ መሐሉን መስፋት አይቻልም።

5. መርፌው፣ ቺንጋውና የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት ቦቢን በመርሳ ወይም በወልድያ ሱቆች መገኘታቸውን አረጋግጡ። መለዋወጫ የሌለው መኪና አንድ ቀን ሲሰበር የቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

መርፌና ክር

የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጭራው በኩል ነው። የመኪና መርፌ ቀዳዳ ግን በጫፉ በኩል ነው። ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት መኪና እንዲህ ያለ መርፌ ነበረው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ይበሳል። ከሥር ያለው ክር ይይዘውና ሁለቱ ይቆላለፋሉ። መቆለፊያው በጨርቁ መሐል ከሆነ ስፌቱ ጥሩ ነው። የታችኛው ክር ወደ ላይ ወጥቶ ከታየ የላይኛው ክር በጣም ጠብቋል ማለት ነው፤ ማጥበቂያውን ጥቂት አላሉት። የላይኛው ክር ከሥር ከተንዘላዘለ ደግሞ ጥቂት አጥብቁት።

በመርፌው ፓኮ ላይ ቁጥር ተጽፏል። አንብቡት! ለተራ ጨርቅ 14 ቁጥር ይበቃል። ለድሪቶ 16 ወይም 18 ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል። ፊደልና ቁጥር የለየ ሰው ባለሱቁ የሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ አይሄድም።

አሰፋፉ

መጀመሪያ ጨርቁን ሁሉ እጠቡ። ሳይታጠብ የተሰፋ አዲስ አቡጀዲ በኋላ ይሸበሸባል፤ ቀለሙን የሚለቅም ጨርቅ ሌላውን ያበላሻል። የላመውንና የሳሳውን ለዩ። ቁራጮቹን በአንድ ልክ ቁረጡ። ሁለት ሁለቱን ግጠሙ፤ ከዚያ ረድፍ አድርጉ፤ ረድፉን ከረድፍ አያይዙ። ከጫፉ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል አስገብታችሁ ስፉ። ወደ ጠርዙ የተጠጋ ስፌት ቶሎ ይተረተራል።

ላዩ ሲያልቅ የሥሩን ጨርቅ ንጹሕ ሰሌን ላይ ዘርጉ። መሐሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አንጥፉ፤ ከዚያ የተገጣጠመውን ደርቡበት። ሦስቱም እንዳይንሸራተቱ በእጅ መርፌ ሰፋ ሰፋ እያደረጋችሁ ለጊዜው አያይዙ። በመኪና ስትሰፉ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ውጡ። ከዳር ከጀመራችሁ ጨርቁ መሐል ላይ ይቆጠራል። የስፌቱን እርምጃ ከተራ ልብስ ረዘም አድርጉት። ቁጥሩ በየመኪናው ስለሚለያይ መጀመሪያ በብጣሽ ጨርቅ ሞክሩ። ወፍራም ቦታ ሲደርስ መርገጡን ትታችሁ መዘውሩን በእጅ አዙሩ። ጨርቁን አትጎትቱ፤ መርፌ ይሰብራል።

እንክብካቤ

አሮጌ ጨርቅ ብናኙ ብዙ ነው። ሥራ ሲያልቅ የጥርሱን ሥር በብሩሽ ጥረጉ። በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ። የወጥ ዘይትና ቅቤ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ሥራ ሲያበቃ ቺንጋውን አውልቁ። የልጅ ጣት ከመርፌ ሥር እንዳይገባ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ለብቻው የማይረባ ብጣሽ ሲሰፋ ቤተሰብ ያሞቃል። መኪናውን በአቅም ማነስ መግዛት ያልቻለ ሰው ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ጋር አዋጥቶ ሊገዛ ይችላል። ብቻውንም ይግዛ በጋራ፣ ከቤት ሲወጣ የድሪቶውን ቁራጭ አይርሳ።

ጥያቄዎች

1. እናትየዋ ነጯን መኪና ያልገዙት ለምንድን ነው?
2. ለድሪቶ ስንት ቁጥር መርፌ ያስፈልጋል? በቤታችሁ ያለውን ፓኮ አንብቡ።
3. ድሪቶ ከመሐል ወደ ዳር የሚሰፋው ለምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ ስንት የስፌት መኪና አለ? ከእነዚህ ውስጥ ተበላሽቶ የቆመው ስንት ነው? ምን ጎድሎት እንደቆመ ተወያዩ።