በእርግጥ ፎቶ የማይወጣለት ፊት አለ? የጉርድ ፎቶግራፍ ፊዚክስ

በምረቃ ሰሞን በየግቢው ከሚሰሙት ንግግሮች አንዱ «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» የሚለው ነው። ጋዋን የለበሱ ጓደኛሞች ከተነሡ በኋላ ምስሉን ሲመለከቱ፣ የአንዱ አፍንጫ ገንኖ፣ የሌላዋ ዐይኖች በጥላ ተውጠው፣ የሦስተኛው ፊት ጠቁሮ ይገኛል። ሁሉም ጥፋቱን ወደ መልካቸው ይመልሱታል። ይሁንና ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱም ከመልክ የሚመነጭ አይደለም። ሦስቱም በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ሊብራሩ የሚችሉ ክስተቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ መንሥኤዎቻቸውን ተራ በተራ እንመለከታለን፤ መፍትሔያቸውም ውድ ካሜራ እንደማይጠይቅ እናያለን።

1. ርቀትና አቀማመጥ

አንድ አካል በምስል ላይ የሚኖረው መጠን ከሌንሱ ካለው ርቀት ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ምስሉ በግማሽ ያንሳል። የአንድ ሰው አፍንጫ ጫፍ ከጆሮው በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀድማል እንበል። ስልኩን ከአፍንጫው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ብንይዘው፣ ጆሮው በ42 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ40 በመቶ ገንኖ ይታያል። ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ብንርቅ ግን 162 ለ150 ሲካፈል 1.08 ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል።

ብዙዎች ጉድለቱን በሌንሱ ያሳብባሉ። ፊቱ በምስሉ መካከል እስካለ ድረስ ግን የአፍንጫንና የጆሮን ምጥጥን የሚወስነው ርቀቱ ነው፤ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ የሚያደርገው ፎቶ አንሺው እንዲጠጋ መጋበዝ ብቻ ነው። ስለሆነም ወደ አንድ ሜትር ተኩል መራቅና ስልኩ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው በእርሱ መጠቀም፣ ከሌለውም ምስሉን ኋላ መከርከም ይመረጣል።

ካሜራው በተነሺው ዐይን ከፍታ ላይ ይሁን። ዐይኖቹ ከምስሉ የላይኛው ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ ብለው ቢውሉ ሚዛኑ ያምራል። ከራስ ቅል ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ ወይም የዛፍ ግንድ ከበስተጀርባ እንዳይኖርም አስቀድሞ ማየት ይገባል።

2. የብርሃን አቅጣጫና ስፋት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት በቀትር ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከ57 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ትውላለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜም በአናት ላይ ታልፋለች። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና የአፍንጫን አጥንት ያበራል፤ የዐይንን ጉድጓድ ግን ያጨልማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፋት ነው። ፀሐይ ከምድር ስትታይ የምትሸፍነው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ጥላዋ ጠርዙ የተሳለ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት በአንጻሩ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ወደ 53 ዲግሪ ይሸፍናል። ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚደርስ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚደረገው ሽግግር ለስላሳ ይሆናል። ደመናማ ሰማይም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ተነሺውን ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ በጎን ማስቀመጥ፣ ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማቆም ነው። በጨለመው ጎን ነጭ ካርቶን ወይም ነጠላ ቢዘረጋ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል። በክፍሉ ያለው አምፖል ይጥፋ፤ የአምፖል ቢጫና የቀን ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ሲቀላቀሉ ኋላ ቀለሙን ማስተካከል ያስቸግራልና።

3. የካሜራው ግምት

ካሜራ ከፊቱ ያለው ነገር ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቅም፤ የሚለካው ተንጸባርቆ የሚደርሰውን ብርሃን ነው። ስለዚህ የተለመደው የብርሃን መለኪያ፣ ትዕይንቱ በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል ብሎ ይገምታል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በነጭ ግድግዳ ወይም በደማቅ ሰማይ ፊት ሲቆም ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ግድግዳው ግራጫ፣ ፊቱም ጥላ ይሆናል። የቅርብ ጊዜ ስልኮች ፊትን ለይተው ቢያርሙም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። መፍትሔው መስታወቱ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ፣ የፊቱ ዝርዝር እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን መጨመር ነው።

የግምቱ ነገር ታሪክም አለው። ባለፈው ምዕት ዓመት የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ» የተባለ የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ለአሠርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ መለኪያ የጥቁር ቆዳን ዝርዝር ችላ ያለ እንደነበር አሳይተዋል። ጉግል በስልኮቹ ካሜራ ላይ የልዩ ልዩ ቆዳ ቀለሞችን በትክክል ለማንሣት ያለመ ማሻሻያ ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። «ፎቶ አይወጣልኝም» ያሉ ብዙዎች እንግዲህ የተለኩት ለእነርሱ ባልተሠራ መለኪያ ነበር።

4. እርማትና ወሰኑ

በተለመደው የጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ የቀለም ክፍል ከ0 እስከ 255 ባሉ 256 ደረጃዎች ይመዘገባል። 255 ላይ የደረሰ ግንባር ዝርዝሩ አልተመዘገበም፤ በእርማት ቢጨልም ግራጫ ይሆናል እንጂ የቆዳው መልክ አይመለስም። እጅግ የጨለመ ክፍልም ሲበራ የሴንሰሩ ሁካታ እንደ አሸዋ ነጠብጣብ ይወጣል። እርማት የተመዘገበውን ያስተካክላል እንጂ ያልተመዘገበውን አይፈጥርም።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ መከርከም፣ የቀለሙን ሚዛን ነጭ መሆኑ በሚታወቅ ነገር ማስተካከል፣ ብርሃኑን ማረም፣ በመጨረሻም የብርሃንና የጥላን ልዩነት በጥቂቱ መጨመር። ቆዳን የሚያለሰልሱና የሚያነጡ ማጣሪያዎች ግን ከእርማት አይቆጠሩም። የጠፋውን ዝርዝር አይመልሱም፤ የነበረውን ይደመስሳሉ። በተለይ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ባለቤቱን መምሰል አለበት።

ለሙከራ

አንድ ጓደኛዎን አራት ጊዜ ያንሡ፦ በቀትር ፀሐይ ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ በቀትር ፀሐይ ከ150 ሴንቲ ሜትር፣ በመስኮት ብርሃን ከ150 ሴንቲ ሜትር፣ በመጨረሻም በዚያው ቦታ ብርሃኑን በፊቱ ላይ ለክተው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በቤተ ሙከራም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከዚያም አራቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው ለጓደኛዎ ያሳዩት። ፊቱ በአራቱም ያው ነው።