የላንቃ ክፍተትና የንግግር ፊዚክስ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀረው ሥራ

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ያህል ሕፃናት መካከል አንዱ ከንፈሩ፣ ላንቃው ወይም ሁለቱም ተሰንጥቀው ይወለዳል። ከንፈር የሚገጥመው በእርግዝና ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት፣ ላንቃ ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ከግራና ከቀኝ የሚያድጉት ክፍሎች ሳይገናኙ ከቀሩ ክፍተቱ እንዳለ ይቆያል። መንስኤው በዘር የሚወረሱ ባሕርያትና በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች ድምር ውጤት እንጂ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ስንጥቁ ንግግርን እንዴት እንደሚያውክ በፊዚክስ ከመረመርን በኋላ፣ ጉዳዩ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ላለ ሕፃን ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን።

የአፍ ውስጥ ግፊት

«ፕ» ወይም «ት» ስንል ከንፈር ወይም ምላስ የአየሩን መውጫ ለቅጽበት ይዘጋል። በዚያው ጊዜ ለስላሳው የላንቃ ክፍል ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይደፍናል። በዚህ ሁኔታ በአፍ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ600 ፓስካል ያህል ይበልጣል። በእንጅባራ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 75,000 ፓስካል ገደማ ስለሆነ ጭማሪው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ግን ይህ ጥቂት ጭማሪ ነው።

አሁን በላንቃው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ከሽምብራ ፍሬ ያነሰ ቀዳዳ አለ እንበል። በበርኑሊ ሕግ መሠረት የሚያመልጠው አየር ፍጥነት፣ የግፊቱ ልዩነት እጥፍ ለአየሩ እፍጋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ዳግም ዘር ነው። እፍጋቱን በሜትር ኩብ 0.85 ኪሎ ግራም ብንወስድ ፍጥነቱ በሰከንድ 38 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን በቀዳዳው ስፋት አባዝተን የአየሩን መጥበብ ስናስብ፣ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይወጣል። ለተለመደ ንግግር ሳንባ የሚለግሰው በአማካይ 0.2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ግፊት ሊጠራቀም አይችልም። አየራቸው በአፍንጫ በኩል የሚወጣው «ም» እና «ን» ግን ብዙም አይጎዱም።

ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ

ከንፈር በመጀመሪያው ዓመት፣ ላንቃ ደግሞ እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢጠገን ይመረጣል። በአገራችን የካቲት 12ን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች ይህን ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ፤ እንደ ስማይል ትሬይን ያሉ ድርጅቶችም ወጪውን ይደግፋሉ። ይሁን እንጂ እንጅባራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለአርሶ አደር ቤተሰብ የመጓጓዣው፣ የማረፊያውና የሥራ ቀናቱ ወጪ ቀላል አይደለም። በዚህም ምክንያት ዘግይቶ የሚደርስ ሕፃን አየር እያመለጠው መናገርን ተለማምዶ፣ የአፍ ድምፆችን በጉሮሮ በሚቆረጡ ድምፆች ተክቶ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳውን መዝጋት ይህን ልማድ አያጠፋውም። የንግግር ሕክምና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

የአማርኛ «ጥ»፣ «ጭ» እና «ቅ» ጉሮሮ ተዘግቶ ማንቁርት ወደ ላይ ሲገፋ በሚታመቅ አየር የሚፈጠሩ ናቸው። አዊኛ እነዚህን የመሰሉ ድምፆች የሉትም። በዳንግላ ገጠር በአዊኛ አፉን የፈታ ሕፃን «ጥ»ን «ት» ቢል ምክንያቱ ላንቃው ሳይሆን ቋንቋው ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አዊኛ ከእንጥል አጠገብ የሚፈጠሩ፣ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት፤ ቋንቋውን የማያውቅ ባለሙያ እነዚህ በትክክል መነገራቸውን ለመለየት ይቸገራል። በአማርኛ ብቻ የሚደረግ ምርመራ፣ ዜሮው ሳይስተካከል ንባብ እንደሚወሰድበት መለኪያ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ተመሳሳይ ሁኔታ ያጋጥማቸዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችን የቋንቋ እገዛ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ነገር ግን አስተርጓሚ የሚያስተላልፈው ትርጉምን ነው። ድምፁ መስተካከሉን ለመመዘን በሕፃኑ ቋንቋ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል።

አዊኛ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍና በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ በመሆኑ ይህን ማዘጋጀት የሚቻል ነው። ዝርዝሩ «ፕ»፣ «ት»፣ «ክ» እና «ስ» ያሉባቸውን፣ ነገር ግን «ም»ን እና «ን»ን የመሳሰሉ የአፍንጫ ድምፆች የሌሉባቸውን ቃላት መያዝ አለበት። እንዲህ ከሆነ በአፍንጫ የሚወጣ አየር ሁሉ የመዘጋት ጉድለት ምልክት ይሆናል።

ሙከራ

ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫችሁ ሥር ያዙና «ፓፓ»፣ «ታታ»፣ ከዚያም «ማማ» በሉ። መስታወቱ በየትኛው ጊዜ ደበዘዘ? ለምን? አዊኛ ተናጋሪ አንባብያን ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን መስፈርት የሚያሟሉ አሥር ቃላት ጽፋችሁ በመስታወቱ ፈትኗቸው። የንግግር ሕክምና በአዊኛ የሚሰጥበትን ቀን ለማቅረብ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ ይህን የመሰለ ነው።