ወደ ጦሩ ሲሄዱ የሥራ መልቀቂያ አይጻፉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቋሚ ሥራና ግሪን ካርድ አለኝ። የአሜሪካን ጦር ለመቀላቀል እያሰብኩ ነው። ሥራዬን ለቅቄ ሄጄ ነገሩ ባይሆንልኝ ምን ይውጠኛል?

መልስ፦ ጦሩን ለመቀላቀል ሥራዎን መልቀቅ የለብዎትም። ለውትድርና የሚሄድን ሠራተኛ ሥራውን እንደተወ ሳይሆን ለአገልግሎት እንደተለየ የሚቆጥር የፌዴራል ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሲሆን በምህጻሩ «ዩሴራ» ይባላል። ትልቁን ሆስፒታልም ሁለት ሠራተኛ ያለውን ሱቅም እኩል ያስገድዳል። በፈቃዱ የተመዘገበውንና በጥሪ የሄደውንም አይለይም።

ስለዚህ ለአሠሪዎ የሚሰጡት የሥራ መልቀቂያ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ሕጉ በቃል መናገርም ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን በጽሑፍ ይሁን እላለሁ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ ለወታደራዊ አገልግሎት ከሥራ እንደሚለዩ ይግለጹ፣ ቀን ይጻፉበት፣ ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ያስቀሩ። «እለቃለሁ» የሚል ቃል አይግባበት። የሰው ኃይል ክፍሉ «የመልቀቂያ ቅጹን ፈርም» ቢልዎ እንኳ ወደ ሥራ የመመለስ መብትዎን ከወዲሁ ሊያስተውዎት አይችልም፤ እመለሳለሁ ወይም አልመለስም ብለው አስቀድመው እንዲወስኑም አይገደዱም። ያም ሆኖ የፈረሙት ወረቀት በኋላ የክርክር ምክንያት ስለሚሆን ባይፈርሙት ይሻላል።

ሲመለሱስ? በዚያ አሠሪ ዘንድ ሳሉ በአገልግሎት ያሳለፉት ጊዜ ተደምሮ ከ5 ዓመት መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ውልዎ ራሱ ከ5 ዓመት በላይ የሚያስገድድ ከሆነ ትርፉ አይቆጠርብዎትም፤ በፈቃድዎ ውል ሲያድሱ ግን ባጠቃላይ ይቆጠራል። አገልግሎቱ ከ180 ቀን ከበለጠ፣ ካበቃ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ልመለስ ብለው ማመልከት አለብዎት። ይህን ቀን አደራ! አሠሪው የሚመልስዎ በሄዱበት ደረጃ ብቻ አይደለም፤ ባይሄዱ ኖሮ በእርግጠኝነት ይደርሱበት በነበረው ደረጃና ደመወዝ ነው። ከዚያም ለ1 ዓመት ያለ በቂ ምክንያት ሊያሰናብትዎ አይችልም። ከጦሩ በመጥፎ ሁኔታ የተሰናበተ ሰው ግን ይህን ሁሉ ያጣል።

የእርስዎ ሥራ ቋሚ በመሆኑ እድለኛ ነዎት። ይህን የምለው ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት ስለሚነዱ ነው። በ1099 የግብር ቅጽ የሚከፈለውና በሕግም ራሱን የቻለ ተቋራጭ የሆነ ሰው በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ትቶት የሄደውን መስመር የሚያስጠብቅለት የለም።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ፤ ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የጦሩ መልማይ (ሪክሩተሩ) «አራት ዓመት ብቻ ነው» ሊልዎ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ግዴታ ግን በድምሩ 8 ዓመት ነው። ሙሉ ጊዜዎን ያላገለገሉበት ቀሪው በተጠባባቂነት ይቆጠራል፤ በዚያ ጊዜ ዳግም ሊጠሩ ይችላሉ። የምዝገባ ውሉ «ዲዲ ፎርም 4» ይባላል። የሙያ ምርጫም ሆነ የቦነስ ገንዘብ በውሉ ወይም በአባሪው ካልተጻፈ በቃል የተነገረዎትን ይዘው መከራከር አይችሉም። ስለዚህ አባሪዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ የጎደለ ካለ እስኪጻፍ ድረስ አይፈርሙ።

ብዙውን ጊዜ መሐላው ሁለት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ሥልጠና እስኪጀመር ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ ሥራዎ ላይ ይቆዩ። ሐሳብዎን ቢቀይሩም ወደ ሥልጠና ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ አሳውቀው መውጣት ይችላሉ፤ «ትታሰራለህ» የሚልዎ ሪክሩተር ካለ አይስሙት። ሁለተኛውን መሐላ ከማሉ በኋላ ግን ወታደር ነዎት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ተራ ወታደር መሆን ይችላል፤ መኮንንነትና የምስጢር ፈቃድ የሚሹ ሙያዎች ግን ዜግነት ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ያለው ጊዜ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የግጭት ጊዜ ተብሎ ስለተወሰነ፣ በክብር የሚያገለግል ወታደር የተለመደውን የ5 ዓመት ነዋሪነት ሳይጠብቅና ሳይከፍል ለዜግነት ማመልከት ይችላል። በክብር ማገልገሉን ጦሩ ኤን-426 በተባለው ቅጽ ማረጋገጥ አለበት። በዚህ መንገድ የተገኘ ዜግነት ግን፣ የክብር አገልግሎቱ 5 ዓመት ሳይሞላ በመጥፎ ሁኔታ ከተሰናበቱ ሊነጠቅ ይችላል። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ደግሞ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አገር ቤት በስምዎ ቤት ወይም ይዞታ ካለ ለዜግነት ከማመልከትዎ በፊት እዚያ ያለ ጠበቃ ያማክሩ።

የአፓርትመንት ኪራይ ውልዎን፣ ከጦሩ በፊት የተፈረመ ከሆነ፣ ከትእዛዝ ወረቀትዎ ቅጂ ጋር በጽሑፍ አሳውቀው ማቋረጥ ይችላሉ። ከአገልግሎት በፊት የተበደሩት ገንዘብ ወለድም፣ ለአበዳሪው በጽሑፍ ከጠየቁ፣ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ሌላ የፌዴራል ሕግ ይከላከልልዎታል።

ተመልሰው አሠሪዎ «ቦታህ ተይዟል» ቢልዎ፣ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ውስጥ ቬትስ ለሚባለው ክፍል ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይችላሉ። ፍርድ ቤት ቢሄዱም ለዚህ መብት የሚከራከርን ሰው ሕጉ የዳኝነት ክፍያ አያስከፍለውም።