ከፍጥነት በፊት ፍሬን፦ አሮጌ ቮልስን በቤት ግቢ አድሶ ስለ መለወጥ

1. መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አሮጌ መኪና በእጃቸው ገብቶ “ፈትቼ እንደገና ልሥራው፣ ጉልበትም ልጨምርለት” ብለው ለሚያስቡ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የሥራውን ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። ጽሑፉ የተነሳው ከራሴ ስህተት ስለሆነ ከስህተቱ ልጀምር።

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከግቢው ጥግ ለብዙ ዓመታት የቆመ ባለ 1300 ቮልስ ነበረው። ሁለታችን ክረምቱን ሙሉ ሠራነው። እኔ የቸኮልኩት ለሚታየውና ለሚሰማው ነበር፤ ሰፊ ቸርኬ፣ ድምፁ የሚያምር ማርሚታ፣ የታጠበ ካርቡሬተር፣ አዲስ ቀለም። ፍሬኑን “ይይዛል” ብዬ አለፍኩት። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰጠመ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ መኪናውን ወደ ተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገብቼ አቆምኩት። ሰው አልተጎዳም። አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና “አንተ ልጅ፣ መሄድማ ድንጋይም ቁልቁል ይሄዳል፤ ሙያው መቆሙ ላይ ነው” አለኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አባባል ማብራሪያ ነው።

2. ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ሆት ሮድ ማለት አሮጌ መኪና አላስፈላጊ ክብደቱ ተቀንሶ፣ ሞተሩ ተጠናክሮ፣ መልኩ በባለቤቱ ፍላጎት ተለውጦ ሲሠራ ነው። ልማዱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። ወጣቶች ያረጁ ፎርዶችን በርካሽ እየገዙ ከቤታቸው ጓሮ ይሠሩና እንደ ሙሮክ ባሉ ደረቅ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይፈትኗቸው ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ርካሽ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ማውጣቱ ለሥራው ትልቅ በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፎርድ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን በመኪናዎቹ ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. ከ1939 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የጓሮ ሠሪዎች የ1939ን ፍሬን ወስደው ከ1932ቱ መኪና ላይ ይገጥሙ ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው ሞተሩ ነው፤ ባለሙያው ግን ፍሬኑንም ለውጦ ነበር።

3. ለእኛ አገር ለምን ቮልስ?

ቮልስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበረ የታወቀ ነው። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ ቢያበቃም በአዲስ አበባም በክፍለ ሀገርም ዛሬ ድረስ ይታያል። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ድረስ ለሚፈልግ አይጠፋም።

ሌላው ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ታገደ። እንግዲህ በግቢያችን ያለው አሮጌ መኪና የሚጣል ሳይሆን የሚታደስ ንብረት ነው።

ለጀማሪም ይመቻል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው፤ አንድ ክሪክና ሁለት ሰው ካለ ይወርዳል። አካሉም ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ቡሎኖቹ ተፈትተው ሰዎች ተጋግዘው ያነሱታል።

4. ከፍታችን ሞተሩን ምን ያደርገዋል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በአንድ አራተኛ ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ከፋብሪካ 40 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ባለ 1300 ቮልስ ማርቆስ ላይ ወደ 30 ይጠጋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ካርቡሬተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ነዳጁን እንደ ቆላው መጠን ሊሰጥ ይሞክራል። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ፣ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የያዘ ካንዴላ ነው። መፍትሔው ጠበብ ያለ ዋና ጂግለር መግጠም ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል! የአባይ ድልድይ ያለው 1,050 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ለማርቆስ ብቻ የተቃኘ ካርቡሬተር በረሃው ላይ ሲደርስ ነዳጁ ያንሰዋል። ከዚያ በዚያ ሙቀት ሙሉ ጋዝ ተረግጦ ዳገቱ ሲወጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቫልቭም ይቃጠላል። ስለዚህ ከከተማ የማይወጣ መኪናና አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና አንድ ዓይነት ቅኝት የላቸውም። ለሁለተኛው ትንሽ ቤንዚን ማባከን ሞተር ከማባከን ይሻላል።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው። ለውበት ተብሎ ሞተሩን የሚሸፍነው ላሜራና በዙሪያው ያለው ጎማ ከተነሳ ማራገቢያው የጋለውን አየር መልሶ ይስባል። ቺንጋው ከተበጠሰም ማራገቢያው ይቆማል፤ ያኔ የዲናሞው ቀይ መብራት ይበራል፤ ወዲያው መቆም ግዴታ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ስለሚያሞቀው መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

5. የአባይ በረሃ ስሌት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከነሰዎቹ 1,100 ኪሎ ይመዝናል እንበል።

ጉልበት = 1,100 × 9.8 × 1,400 = 15 ሚሊዮን ጁል ገደማ

ይኼ ሙቀት ሃምሳ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የአየርና የጎማ ሰበቃ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ዜሮ ማርሽ ይዞ የሚወርድ ሰው ሁሉንም በአራቱ ታምቡሮች ላይ ይጭነዋል።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የባሰው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግራችን ቢረግጥም ግፊቱ ጎማው ዘንድ አይደርስም። የእኔ ፔዳል የሰጠመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። የእጅ ፍሬኑ ያዳነን የኋላ ጎማዎቹን በሽቦ እንጂ በዘይት ስለማይዝ ነው።

6. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) ፍሬን። ሸራ፣ ታምቡር፣ የጎማ ፍሬን ፖምፓዎችና የጎማ ቱቦዎች ይፈተሹ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ አይጠገንም፣ ይለወጣል። የድሮዎቹ ቮልሶች ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ይለቃል። ስለዚህ ገንዘብ ካለ ከማርሚታው በፊት ባለ ሁለት መስመር ዋና ፖምፓ ይገጠም። አየር ሲወጣ ከሩቁ ጎማ ይጀመራል፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ለ) መሪና ጎማ። ሰፊ ቸርኬ ቦጫጭቆ ከሚያስገባ በፊት መሪው ሲታጠፍ ጎማው ከአካሉ ጋር አለመነካካቱ ይታይ።

ሐ) ወለል። የቮልስ ዝገት የሚጀምረው ከባትሪው ሥር ነው። ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ራስን ማታለል ነው፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ።

መ) ሞተር። 1300ውን ወደ 1600 ለማሳደግ ሲሊንደሩ ከ77 ወደ 85.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይኼ የሞተሩን ቤት ቶርኖ ቤት ማሠራት ይጠይቃል፤ የሊብሬው የሞተር ቁጥርና አቅምም መስተካከል አለበት። የአዋጅ ቁጥር 681/2002ን የምርመራና የምዝገባ ድንጋጌዎች አስቀድሞ ማንበብ ቦሎ ሲመጣ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ሠ) መልክ። ጣሪያ መቁረጥ ለሠርግ መኪና ያምራል፤ ነገር ግን ጣሪያው የአካሉ ምሰሶ ነው። ፋብሪካው ራሱ ክፍት ቮልስ ሲሠራ የጎን ወለሉን በተጨማሪ ብረት ያጠነክር ነበር። ሳያጠናክሩ የቆረጡት መኪና ወገቡ ይጎብጣል፤ በሩም አልዘጋ ይላል።

7. ማጠቃለያ

በጎጃም ደጋ መኪና የሚሠራ ሰው ሁለት እውነቶችን መርሳት የለበትም። ከፍታው ከሞተሩ ሩብ ጉልበት ይወስዳል፤ አባይ ደግሞ ያልጠየቅነውን ጉልበት ይሰጠናል። የመጀመሪያው ቢያዘገየን ነው፤ ሁለተኛው ግን ሊገድለን ይችላል። ሾፌሮች “በምትወጣበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት የፊዚክስ ትምህርት ነው። እኔና አጎቴ ቮልሱን ወደ ግቢ መልሰን ፍሬኑን ከሥሩ ሠራነው። ቀለሙ አሁንም አላለቀም፤ በረሃውን ግን ወርደን ወጥተናል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. 900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ ስንት ጁል ይለቃል?
2. ለማርቆስ ብቻ የተቃኘ ካርቡሬተር አባይ ድልድይ ላይ ለምን ያስቸግራል?
3. የፍሬን ፔዳል ሲሰጥም አሽከርካሪው በቅደም ተከተል ምን ማድረግ አለበት?